8 በመቶ፦ የሞዘል ሪስሊንግ ከዶሮ ወጥ አጠገብ

ከፒያሳ ወደ ስታዲየም፣ ከስታዲየም ወደ ካዛንቺስ ባሉት የመጠጥ መደብሮች ውስጥ፣ ከአገር ውስጦቹና ከደቡብ አፍሪካዎቹ ወይኖች መሀል አልፎ አልፎ አንድ ለየት ያለ ጠርሙስ ያጋጥማል። የሞዘል ሪስሊንግ ነው፤ ሪስሊንግ የነጭ ወይን ፍሬ ነው፣ ሞዘል ደግሞ ፍሬው የሚበቅልበት የጀርመን ወንዝ ዳር። ጠርሙሱ ቀጭን ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ ትከሻ የለውም፤ ከአንገቱ እስከ ወገቡ እንደ ጧፍ ተንሸራቶ ይወርዳል። የተጻፈበት ጀርመንኛ ረጅም ስለሆነ ብዙው ሰው አንስቶ ያገላብጠውና ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ሻጩም ሲጠየቅ «ስዊት ነው» ብሎ ይገላገላል። አንዳንዴ ልክ ነው። አንዳንዴ ግን ውስጡ ያለው ሎሚ የሚያስንቅ ድራይ፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለው ወይን ነው።

ያን ሁሉ ጽሑፍ ማንበብ አያስፈልግም። መጀመሪያ መፈለግ ያለበት በትንንሽ ፊደል የሚጻፈው የአልኮል መጠን ነው። ከ7.5 እስከ 9 በመቶ ከሆነ ወይኑ ጣፋጭ ነው። ከ9.5 እስከ 11 ከሆነ መሀል ሰፋሪ ነው፤ ጣፋጭነት አለው፣ ግን ቀድሞ የሚሰማው እሱ አይደለም። ከ11.5 በላይ ከሆነ ድራይ ነው። ይህ ለሞዘል ሪስሊንግ የሚሠራ ደንብ ነው። በሞቃት አገር ወይን ላይ ብትሞክሩት ያሳስታችኋል፤ እዚያ 14 በመቶ ሆኖም ጣፋጭ የሚሆን ወይን አለ።

ምክንያቱ ጠጅ የጣለ ሰው ቶሎ የሚገባው ነው። ማርና ውሃው ሳይፈላ ብርዝ ነው፣ ልጅም ይጠጣዋል። እርሾው ማሩን እየበላ አልኮል ሲያደርገው ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፣ ኃይሉ ይጨምራል። ወይንም ያው ነው፦ በአንድ ሊትር ውስጥ 17 ግራም ገደማ ስኳር ሲፈላ 1 በመቶ አልኮል ይሆናል። ጀርመኖች የጭማቂውን ስኳር የሚለኩት በኤክስለ ነው። መለኪያው የተሰየመው በ19ኛው መቶ ዓመት በፎርጽሃይም ከተማ ይሠራ በነበረው በፌርዲናንድ ኤክስለ ስም ሲሆን፣ አንድ ሊትር ጭማቂ ከአንድ ሊትር ውሃ በስንት ግራም እንደሚከብድ ይናገራል። 80 ኤክስለ ማለት ሊትሩ 1080 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ይህ ጭማቂ እስከ መጨረሻ ቢፈላ 10.6 በመቶ ገደማ አልኮል ይሰጣል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው 8 በመቶ ከሆነ የ2.6ቱ ስኳር አልፈላም፤ 2.6 በ17 ሲባዛ 44 ይመጣል። በሊትር 44 ግራም ስኳር ቀርቷል ማለት ነው።

44 ግራም ሲባል የሚደነግጥ አለ። በ150 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ሲሰላ ግን 6.6 ግራም ነው፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ አለ። ደግሞም ይህ ስኳር ብቻውን አይመጣም። የሞዘል ሪስሊንግ በሊትር ከ7 እስከ 9 ግራም፣ አንዳንድ ዓመት ከዚያም በላይ አሲድ ይይዛል። ጭማቂ ቤት ፓፓያ ላይ ሎሚ የሚጨመቀው ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ወይን ያውቀዋል፦ ፓፓያው ብቻውን ያሰለቻል፣ ሎሚው ብቻውን ጥርስ ያጠርሳል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ግን ብርጭቆው ሳይታወቅ ያልቃል።

ስኳሩ እንዲቀር የሚደረገውም ሆን ተብሎ ነው። ጠማቂው ወይኑ የፈለገው ደረጃ ላይ ሲደርስ ጋኑን እስከ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያቀዘቅዘዋል፣ እርሾው ይዝላል፣ ወይኑን ከአተላው ላይ ገልብጦ ድኝ ይጨምርበታል፣ ከዚያ እርሾ በማያሳልፍ ማጣሪያ ያወጣዋል። ጠጅ ቤት ያለ ጠጅ ዛሬና ከነገ ወዲያ አንድ ዓይነት የማይሆነው ይህ ማቆሚያ ስለሌለው ነው። ርካሾቹ ጠርሙሶች ውስጥ ግን ሌላ ዘዴ አለ፤ ወይኑ እስከ መጨረሻ ይፈላና ከመታሸጉ በፊት ያልፈላ የወይን ጭማቂ ይጨመርበታል። ሕጋዊ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጣፋጩና ወይኑ ለየብቻ ይሰማሉ። ስለዚህ የአልኮል ቁጥሩ የሚነግራችሁ ስለ ጣፋጭነት እንጂ ስለ ጥራት አይደለም።

ከታኅሣሥ 2023 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ወዲህ የተመረተ የአውሮፓ ወይን ከሆነ ስሌቱም አያስፈልግም። ሕጉ የምግብ ይዘት እንዲገለጽ ስለሚያስገድድ ጀርባው ላይ ብዙ ጊዜ የኪውአር ኮድ ይኖራል፤ በስልክ ሲነበብ በ100 ሚሊ ሊትር ስንት ግራም ስኳር እንዳለ ያሳያል። በ10 አባዙት። ስኳር ለተከለከለ ሰው ከሻጭ ቃል ይልቅ ይህ ይሻላል።

ለምን ለእኛ ማዕድ

እዚህ ላይ የብዙ ወይን አዋቂ ነን ባዮች ሐሳብ አይስማማንም። «ከበሰለ ጠጪ የሚጠበቀው ድራይ ነው» የሚለው አነጋገር ከእንጀራ ጋር አይሠራም። እንጀራ ኮምጣጣ ነው፤ እርሾው የሚሠራው ላክቲክ አሲድ አፍ ውስጥ ይቀመጣል። ኮምጣጣ ምግብ ደግሞ የወይኑን ኮምጣጣነት ይበላዋል፦ አሲዱ ዝቅ ያለ ወይን ከእንጀራ ጋር ሲጠጣ ሞቶ የተነሳ ውሃ ይመስላል። አሲዱ ከፍ ያለ ወይን ግን የተወሰነውን ተነጥቆም ይተርፈዋል።

ቀጥሎ በርበሬው አለ። አልኮል፣ በርበሬ የሚያቃጥለውን ያንኑ የምላስ ስሜት ይቀሰቅሳል። 14 በመቶ የሆነ ቀይ ወይን በሚጥሚጣ ላይ ሲፈስ እሳት ላይ ጋዝ እንደ መድፋት ነው። ቀዩ ላይ ሌላም ጣጣ አለ፤ ከወይን ፍሬው ልጣጭ የሚመጣው ታኒን፣ ብዙ የፈላ ሻይ አፍን እንደሚያደርቀው ያደርቃል፣ በርበሬ ሲጨመርበት ይሻክራል። 8 በመቶ የሆነ ካቢኔት (ጀርመኖች ፍሬው ሲለቀም በነበረው ስኳር ከሚሰጧቸው ደረጃዎች ዝቅተኛው ነው፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን) ታኒን የለውም ማለት ይቻላል፣ አልኮሉ ከቀዩ ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ትንሽ ስኳሩ ቃጠሎውን ያበርዳል፣ አሲዱ ደግሞ ቅቤውን ከምላስ ላይ ያጥባል።

ዶሮ ወጥ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ቃሪያና በርበሬው እንጂ ሽንኩርቱ ትዝ አይለንም፤ ያ ሁሉ ሽንኩርት ለሰዓታት ሲቁላላ ወጡን ጣፋጭ ያደርገዋል። ምግቡ ከወይኑ በላይ ጣፋጭ ከሆነ ወይኑ መራራና ቀጭን ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ ለዶሮ ወጥ ከካቢኔት አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ጣፋጩን ሽፔትሌዘ መያዝ ይሻላል፣ 7.5 ወይም 8 በመቶ የሆነውን። ለክትፎ ካቢኔት ይበቃል፤ ኮሰረትና ኮረሪማ ከሪስሊንግ ሽታ ጋር አይጣሉም፣ አይቡም ይረዳል። ጥሬ ሥጋ በአዋዜ ከሆነ ያው ካቢኔት ነው፣ ሰናፍጩ ግን አፍንጫ ስለሚይዝ የወይኑን ሽታ ለጊዜው ትረሱታላችሁ።

በያይነቱ ከሁሉ የሚያስቸግር ይመስላል፤ ቀይ ሥሩ ይጣፍጣል፣ ጎመኑ ይመራል፣ አዚፋው ይኮመጥጣል፣ ምስር ወጡ ያቃጥላል። ለዚህ መሀል ሰፋሪው፣ ከ9.5 እስከ 11 በመቶ ያለው ይሻላል፤ ከሁሉም ጋር እኩል ይኖራል። ሽሮ ላይም እንደዚሁ። ድራዩ የሚመጣው ጥብስ ላይ ነው፣ ያለ በርበሬ በጥብስ ቅጠል የተጠበሰ ከሆነ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የዝዋይ ዓሳ ሙሉውን ተጠብሶ ሎሚ ሲጨመቅበት። ዳጣ ከቀረበ ግን ወደ ካቢኔት ተመለሱ።

በጾም ቀን ወይን የሚያቀርብ ሰው ደግሞ ይህን ይጠይቅ፦ ወይን ለማጥራት በአንዳንድ ጠማቂዎች ዘንድ የወተት ፕሮቲን፣ የእንቁላል ነጭ፣ ጀላቲን ወይም ከዓሳ የሚወጣ ሙጫ ይውላል። ለነጭ ወይን ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ አፈርም በብዛት ይሠራል፣ እሱ ጾም አይሽርም። ወተትና እንቁላል በወይኑ ውስጥ ከተረፉ በመለያው ላይ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ጀላቲኑና የዓሳው ሙጫ ግን ግዴታ የለባቸውም። ስለዚህ «ቪጋን» የሚል ካለ እርግጡ እሱ ነው።

የማይሆነው ጊዜም አለ። ቡና ከተጠጣ በኋላ ይህን ወይን አትክፈቱ፤ የቡናው ምሬት አፍ ውስጥ እስካለ ድረስ ወይኑ የሎሚ ውሃ ነው።

አሲዱ ከየት መጣ

ሞዘል ከፈረንሳይ ቮዥ ተራሮች ተነስቶ በሉክሰምበርግ ዳርቻ አልፎ ኮብሌንጽ ላይ ከራይን የሚቀላቀል ወንዝ ነው። ወይኑ የሚበቅልበት በሰሜን 50ኛው ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚያ ፍሬው ሰኔ አካባቢ ያብብና እስከ ጥቅምት፣ አንዳንዴ እስከ ኅዳር ይቆያል፤ ቀኑ ስለማይከር ሌሊቱም ስለሚቀዘቅዝ አሲዱ አይቃጠልም። ሽታው ይበስላል፣ ስኳሩ ግን ብዙ አይከማችም፤ 8 በመቶ ሆኖ ሽታው ሙሉ የሚሆነው በዚህ ነው። ሙቀቱን የሚያግዘው ሺፈር የሚባለው ጠቆር ያለ ንብርብር ድንጋይ ነው፤ ቀን ፀሐይ ይጠጣል፣ ማታ ይመልሳል። ዳገቱ ደግሞ ጨረሩን በቀጥታ እንዲቀበል ያደርጋል። ብሬም መንደር ያለው ካልሞንት የሚባለው እርሻ እስከ 65 ዲግሪ ያዘነብላል፤ የእንጦጦ ዳገት ከሱ ጋር ሲነጻጸር ሜዳ ነው። ትራክተር አይወጣውም፣ ሰው በእጁ ይለቅማል። የዋጋው ልዩነት ከዚያ ይጀምራል።

መለያውን ማንበብ

ቁጥሩን ካያችሁ በኋላ አንድ ቃል ፈልጉ፦ «ሪስሊንግ»። በአውሮፓ ሕግ የፍሬው ስም የሚጻፈው ቢያንስ 85 በመቶው ከሱ ሲሆን ነው። ስሙ ከሌለ ውስጡ ብዙ ጊዜ ሙለር ቱርጋው ይሆናል። ይህ ዝርያ በ1882 በጋይዘንሃይም ሄርማን ሙለር ያዳቀለው ነው፤ ቀደም ብሎ ይደርሳል፣ ብዙ ያፈራል፣ አሲዱ ግን ለስላሳ ነው። ከእንጀራ ጋር ሞቶ የሚነሳው ውሃ ያልነው ይሄ ነው።

ወጥመዱ የቦታ ስሙ ላይ ነው። «ፒስፖርተር ጎልድትረፕሸን» በፒስፖርት መንደር ያለ አንድ የታወቀ ዳገት ነው። «ፒስፖርተር ሚሸልስበርግ» ግን ዳገት አይደለም፤ የ1971ዱ የጀርመን ወይን ሕግ የብዙ መንደር ሜዳና ዳገት አንድ ላይ ጠቅልሎ የሰጠው የወል ስም ነው። አጻጻፋቸው ፍጹም አንድ ስለሆነ ጀርመናዊውም ይሳሳታል። «በርንካስተለር ኩርፉርስትላይ» እና ጥቁር ድመት የተሳለበት «ጸለር ሽቫርጸ ካትስ» ከዚሁ ወገን ናቸው። አዲሱ ሕግ ይህን ለማረም ከ2026 ምርት ጀምሮ የወል ስሞቹ «ሬጊዮን» የሚል ቃል እንዲይዙና የመንደር ስም እንዳይቀድማቸው አዟል፤ በመደብር ያለው የቆየው ጠርሙስ ግን ገና ለዓመታት ይሸጣል። በሌላ በኩል «ቬለነር ዞነንኡር»፣ «ኡርጽገር ቩርጽጋርተን»፣ «ኤርደነር ትረፕሸን»፣ «ብራውነበርገር ዩፈር» የሚሉትን ካያችሁ እውነተኛ ዳገቶች ናቸው። «ሊብፍራውሚልሽ» የሚለው ደግሞ ጭራሽ ከሞዘል አይደለም፤ ስሙ የመጣው በቮርምስ ከተማ ካለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ነው።

ካቢኔት፣ ሽፔትሌዘ፣ አውስሌዘ የሚሉትን ብዙ ሰው የጣፋጭነት ደረጃ አድርጎ ይይዛቸዋል። አይደሉም። ፍሬው ሲለቀም ጭማቂው የነበረውን ስኳር ነው የሚለኩት፤ እንደየአካባቢው ለካቢኔት ቢያንስ ከ67 እስከ 82 ኤክስለ፣ ለሽፔትሌዘ ከ76 እስከ 90፣ ለአውስሌዘ ከ83 እስከ 100 ይጠየቃል። ያ ጭማቂ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻ ከፈላ «ሽፔትሌዘ ትሮክን» ይባላል፣ ድራይ ነው፣ አልኮሉም 12 ይደርሳል። ለዶሮ ወጥ ሽፔትሌዘ የተባለውን ሰምቶ «ትሮክን» የሚል ቃል ያለበትን የገዛ ሰው ማዕዱ ላይ ይበሳጫል። በነዚህ ሁሉ ላይ ከመፍላቱ በፊት ስኳር መጨመር ክልክል ነው፤ «ኳሊቴትስቫይን» ተብሎ በሚቆመው ላይ ግን ይፈቀዳል።

«ትሮክን» በላቲን ፊደል በቲ የሚጀምር፣ ድራይ ማለት ነው፤ ሕጉ በሊትር እስከ 9 ግራም ስኳር ይፈቅዳል፣ አሲዱ ከስኳሩ ከ2 ግራም በላይ ካላነሰ። «ሃልብትሮክን» እስከ 18 ግራም ይሄዳል። «ፋይንሄርብ» በሕግ ወሰን የለውም፤ ጠማቂው «ከድራይ ትንሽ አለፍ ያለ» ለማለት ሲፈልግ ይጽፈዋል፣ ከ15 እስከ 30 ግራም ሆኖ ቢገኝ አይገርምም። ምንም ካልተጻፈና አልኮሉ 8 ከሆነ፣ ጣፋጭ ነው።

ዓመተ ምሕረቱ የአውሮፓውያን መሆኑም አይዘንጋ። 2021 የሚለው በእኛ ጥቅምት 2014 የተለቀመ ነው። ያ ዓመት በሞዘል ቀዝቃዛ ስለነበር ወይኖቹ ስለታም ናቸው፣ ለቅቤ ምግብ ይስማማሉ፤ 2018 ሞቃት ስለነበር ወፍራምና ለስለስ ያለ ነው። ዓመቱ ካልተጻፈ ወይም ካጠራጠረ ደግሞ «ኤ ፔ» ተብሎ የሚጀምረውን ረጅም የምርመራ ቁጥር እዩ። መጨረሻ ያሉት ሁለት አኃዞች ወይኑ ተመርምሮ ያለፈበትን ዓመት ያሳያሉ። ከነሱ በፊት ያለው ቁጥር ጠማቂው በዚያ ዓመት ስንተኛ ያስመረመረው እንደሆነ ይናገራል። ብዙ ጠማቂዎች ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ሁለት ወይኖች የሚለዩት በዚህ ብቻ ነው፣ ስለዚህ የወደዳችሁትን ጠርሙስ ፎቶ ስታነሱ ቁጥሩም ይግባ። አንገቱ ላይ የወይን ዘለላ የያዘ ንስር ካለ የጀርመን ታዋቂ ጠማቂዎች ማኅበር የፋኦዴፔ ምልክት ነው፤ ማኅበሩ የተመሠረተው በ1910 ሲሆን ከሕጉ የጠበቀ የራሱ ደንብ አለው።

ጠርሙሱ ተጎድቶ እንደሆነ

ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ወይን በብዛት በጅቡቲ ወደብ ያልፋል። በበጋቸው እዚያ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል፣ ፀሐይ የሚመታው የብረት ኮንቴይነር ውስጥ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ሙቀት ወይኑን ያሳብጠዋል፣ ቡሹን ይገፋዋል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የአንገቱን ጫፍ በጣት ዳብሱ፤ ቡሹ ወደ ላይ ካበጠ ወይም መሸፈኛው ሥር የሚያጣብቅ ነገር ካለ ተዉት። መሸፈኛው በጣት ሲያዞሩት መዞር ጥሩ ምልክት ነው፤ የማይዞር ከሆነ ወይን ፈስሶ አጣብቆት ሊሆን ይችላል። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አቅኑት፦ የሁለትና የሦስት ዓመት ሪስሊንግ አረንጓዴ የቀላቀለ ፈዛዛ ቢጫ መሆን አለበት። ሻይ የመሰለ ከሆነ ተቀቅሏል። በሚጠመዘዝ ቆርኪ የተዘጋው ለዚህ መንገድ ከቡሹ የተሻለ ነው፤ ርካሽ ይመስላል ብሎ መናቅ ስህተት ነው።

ሁለተኛው ጠላት ብርሃን ነው። አረንጓዴ ጠርሙስ ከቡናማው ያነሰ ይከላከላል፣ የመደብር አምፖል ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይበራል። ከፊት ከቆመው ይልቅ ከኋላ ወይም ከካርቶን እንዲወጣላችሁ ጠይቁ። መስኮት ላይ ለማሳያ የቆመውን በቅናሽም አትውሰዱ።

ቤት ውስጥ ከተማችን ለወይን ደግ ናት። ግንብ ቤት ውስጥ ወለል አጠገብ ያለ ቁም ሳጥን ለወራት ይበቃል። የማይሆነው ከፍሪጅ ላይ፣ ከምድጃ አጠገብና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው፤ ቆርቆሮው ቀን ያግላል፣ ማታ ያቀዘቅዛል፣ ቡሹም በየቀኑ ይተነፍሳል። ቡሽ ያለውን አጋድሙት።

ማቀዝቀዝና መክፈት

ካቢኔት ከ8 እስከ 10 ዲግሪ፣ ድራዩ ከ9 እስከ 11፣ አውስሌዘ ከ10 እስከ 12 ላይ ይጠጣል። የቤት ፍሪጅ 4 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከሱ ወጥቶ ወዲያው ሲቀዳ ሽታው ተቆልፎ ጥርስ ብቻ ያቀዘቅዛል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውጭ ይቆይ። መብራት ከጠፋ በረዶ ግዙና ባልዲ ውስጥ ጨምሩ፣ ውሃ እስከ ጠርሙሱ አንገት ሙሉ፣ አንድ እፍኝ ጨው ጣሉበት። በ20 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። ብዙው ሰው የሚሳሳተው ውሃውን በመተው ነው፤ ውሃ የሌለበት በረዶ ጠርሙሱን የሚነካው በነጥብ በነጥብ ነው። በረዶም ከጠፋ፣ በበጋ ወራት እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዝበት ዘዴ አለ፦ ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ንፋስ ላይ ማቆም። ጥቂት ዲግሪ ይቀንሳል። በክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ አይሠራም።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች አየሩ የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው የሚጫነው። ወጣት የሞዘል ወይን ውስጥ ከመፍላቱ የተረፈ ትንሽ ጋዝ ይኖራል፤ ኮብሌንጽ ላይ የማይታየው እዚህ ብርጭቆው ላይ ፍንጣቂ አረፋ ሆኖ ይወጣል፣ ምላስም ይወጋል። ይህ መበላሸት አይደለም። ወይኑ ደፍርሶ፣ የሊጥ ሽታ ይዞና ቡሹን ገፍቶ ከሆነ ግን ጠርሙስ ውስጥ እንደገና ፈልቷል፤ ያ ለሻጩ ይመለሳል።

የሚያስደነግጡ ግን ምንም ያልሆኑ ነገሮች አሉ። ታች የሚያንጸባርቅ ክሪስታል ከታየ ስባሪ መስታወት ወይም ስኳር አይደለም፣ ጀርመኖች የወይን ድንጋይ የሚሉት የታርታሪክ አሲድ ጨው ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይወጣል። ሲከፈት የክብሪት ሽታ ከመጣ ድኙ ነው። ጣፋጭ ወይን እንደገና እንዳይፈላ ብዙ ድኝ ያስፈልገዋል፤ የአውሮፓ ሕግ ለሽፔትሌዘ በሊትር እስከ 300 ሚሊ ግራም፣ ለአውስሌዘ እስከ 350 ይፈቅዳል። ቀድታችሁ 10 ደቂቃ ብትተዉት ይበናል። አስም ያለበት ሰው ግን ይጠንቀቅ።

የነጭ ጋዝ ሽታ ሌላ ጉዳይ ነው። የቆየ ሪስሊንግ ላይ ላምባ የመሰለ ሽታ መውጣቱ የዝርያው ጠባይ ነው፣ ብዙዎች ፈልገው ይገዙታል። ፀሐይ የበዛበት ፍሬና ሙቀት ያየ ጠርሙስ ላይ ግን ቶሎ ይመጣል። የአሥር ዓመት ሽፔትሌዘ ላይ ከሸተተ ደስ ይበላችሁ፤ የሁለት ዓመት ካቢኔት ላይ ከሸተተና ቀለሙም ከጠቆረ ጅቡቲን አስቡ። የእርጥብ ካርቶን ሽታ ከሆነ ደግሞ ቡሹ ነው፣ መድኃኒት የለውም።

ብርጭቆው ወደ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን፣ ከሲሶው በላይ አይሞላ። ብርሌ ያምራል፣ አንገቱም ሽታ ይሰበስባል፣ ግን አፍንጫ አያስገባም። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ስለሆነ 5 ብርጭቆ ይወጣዋል፤ ለስምንት ሰው የበዓል ማዕድ ለመጀመሪያው ዙር ሁለት ጠርሙስ ቀዝቅዞ ይጠብቅ።

የተረፈውን በዚያው ጠርሙስ አትተዉት። ትንሽ የውሃ ፕላስቲክ በደንብ ታጥቦ ጠረኑ ከጠፋ፣ ወይኑን እስከ አፉ ሞልታችሁ አየር ሳታስቀሩ ክደኑትና ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ድራዩ ሁለት ሦስት ቀን፣ ጣፋጩ አራት አምስት ቀን ይቆያል። ኮምጣጤ ከመሆኑ በፊት ቀድሞ የሚጠፋው ሽታው ነው፤ ያኔ የዓሳ ጉላሽ ውስጥ ግማሽ ብርጭቆ ቢገባ ቲማቲሙን ያነሳዋል።